ማዕዘኑ እኩል፣ ጎኑ እንደ አቅም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ሰማይን ላነሣው፣ ሚዛንንም ላኖረው አላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ አንባብያን! በመስጂዳችን፣ በሰፈራችንና በቤታችን ሳይነሣ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። ፍትሕ ማለት ምንድን ነው? ለሁሉም አንድ ልክ መስጠትና ከሁሉም አንድ ልክ መውሰድ ነውን? ወይስ ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙና እንደ ሁኔታው ማድረግ ነው?

መስጂድ ሊታደስ ኮሚቴ ሲቀመጥ አንዱ ተነሥቶ «በየቤቱ እኩል ይመደብ፤ በአላህ ፊት ማን ከማን ይበልጣል?» ይላል። ሌላው ደግሞ «የለም፣ ሁሉም እንደ አቅሙ ያውጣ» ይላል። በሌላ ቀን እነዚሁ ሰዎች ለሽምግልና ይቀመጣሉ። የተከሰሰው ባለ ሀብት ሲሆን ከመካከላቸው «እሱ ትልቅ ሰው ነው፤ ብዙ ውለታ አለው፤ ነገሩ በዝግታ ይታይለት» የሚል ይገኛል። የተከሰሰው የቀን ሠራተኛ ሲሆን ግን ፍርዱ ሳይውል ሳያድር ይሰጣል። እንግዲህ «እኩል» መባል በሚገባው ቦታ «እንደ ሰውዬው» ተባለ፤ «እንደ ሰውዬው» መባል በሚገባው ቦታ ደግሞ «እኩል» ተባለ ማለት ነው። ሁለቱም ግን ፍትሕ የሚል ስም ይዘው ይወጣሉ።

ይህን መደበላለቅ ለመለየት የሚረዳ ምሳሌ ከልጆቻችን የሒሳብ ደብተር ውስጥ ይገኛል። ምሳሌ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃችን ቁርኣንና ሐዲስ ነው። ሆኖም ምሳሌ የተደበላለቀውን ለዓይን ለይቶ ያሳያልና አብረን እንየው።

የጎነ ሦስቱ ትምህርት

ልጆቻችን በጂኦሜትሪ «ተመሳሳይ ቅርጾች» የሚባል ትምህርት ይማራሉ። በተለመደው አነጋገር ተመሳሳይ ስንል የሚቀራረብ ወይም የሚመስል ማለታችን ነው። በጂኦሜትሪ ግን ቃሉ የተወሰነ ፍች አለው። ሁለት ቅርጾች ተመሳሳይ የሚባሉት ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛው፣ ተጓዳኝ ማዕዘኖቻቸው እኩል መሆን አለባቸው። ሁለተኛው፣ የአንዱ ጎኖች በሙሉ በአንድ ቁጥር ሲባዙ የሌላውን ጎኖች መስጠት አለባቸው። ይህን ቁጥር ማባዣ እንበለው። ማባዣው 2 ከሆነ ጎኖቹ ሁሉ እጥፍ ይሆናሉ፤ ግማሽ ከሆነ ሁሉም በግማሽ ያንሳሉ። ቅርጹ ቢያድግም ቢያንስም ማዕዘኖቹ ከነበሩበት ፈቀቅ አይሉም።

ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 ሜትር የሆነ ጎነ ሦስት እንውሰድ። ግንበኞች የቤት መሠረት ሲያወጡ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑን የሚያረጋግጡት በእነዚህ ቁጥሮች ገመድ ዘርግተው ነው። ጎኖቹን ሁሉ በ2 ብናባዛቸው 6፣ 8 እና 10 ይሆናሉ። ቀጥ ያለው ማዕዘን አሁንም ቀጥ እንዳለ ነው፤ ሁለቱ ጎነ ሦስቶች በመጠን ቢለያዩም ቅርጻቸው አንድ ነው።

አሁን ደግሞ በማባዛት ፈንታ ለሦስቱም ጎኖች እኩል 3 ሜትር እንጨምርላቸው። 6፣ 7 እና 8 ይሆናሉ። ለማንም አላዳላንም፤ ለሁሉም እኩል ጨምረናል። ነገር ግን ቀጥ ያለው ማዕዘን ጠፋ። 6 በ6 ሲባዛ 36፣ 7 በ7 ሲባዛ 49 ነው፤ ሲደመሩ 85 ይሆናሉ። 8 በ8 ሲባዛ ግን 64 ብቻ ነው። በዚህ ልክ መሠረት ያወጣ ግንበኛ ቤቱ ጠማማ ይሆንበታል።

ወንድሞችና እህቶች! ነገሩን ልብ እንበለው። ለሁሉም እኩል መጨመር ቅርጹን አጠመመው። ሁሉንም በአንድ ማባዣ ማሳደግ ግን ቅርጹን ጠበቀው። «እኩል» የሚለው ቃል ብቻውን ፍትሕን አይሸከምም፤ «እኩል የሆነው ምኑ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ዕውቀት ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። ዐረቦች ኡቅሊዲስ የሚሉት የግሪኩ ሊቅ መጽሐፍ ስድስተኛው ክፍል የሚናገረው ስለ ተመሳሳይ ቅርጾች ነው። መጽሐፉን ሐጃጅ ኢብን ዩሱፍ ኢብን መጠር የተባለው ሊቅ በኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን (786–809) ወደ ዐረብኛ መለሰው፤ በመእሙን ዘመን (813–833) ደግሞ እንደገና አዘጋጀው። ከዚያም ኢስሓቅ ኢብን ሑነይን በሌላ ትርጉም አቀረበው፤ በ901 የሞተው ሣቢት ኢብን ቁራ አረመው። ሙስሊሞች ይህን ዕውቀት የፈለጉት ለክርክር ብቻ አልነበረም። ቂብላን ለማወቅ፣ መሬት ለመለካት፣ የሶላትን ወቅት ለመለየት ያስፈልጋቸው ነበር።

የዐስር ጥላ

ተመሳሳይ ጎነ ሦስቶችን ማንኛውም ሙስሊም ስማቸውን ሳያውቅ ሲጠቀምባቸው ኖሯል። ሰዓት ባልነበረበት ዘመን አባቶቻችን የዐስርን መግቢያ ያውቁ የነበረው በጥላ ነው። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ የዐስር ወቅት የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ፣ በእኩለ ቀን የነበረው ጥላ ሳይቆጠር፣ የራሱን ቁመት ያህል ሲሆን ነው። በኢማም አቡ ሐኒፋ ታዋቂ አቋም ደግሞ የቁመቱን እጥፍ ሲሆን ነው።

እዚህ ላይ «የአንድ ነገር» የሚለውን እናስተውል። ምን ያህል ቁመት ያለው ነገር እንደሚያስፈልግ አልተወሰነም። ዱላ ይሁን፣ ሚናራ ይሁን፣ ሰው ይሁን፣ ችግር የለም። የፀሐይ ጨረር ከሩቅ ስለሚመጣ በአንድ ቦታ ባሉ ነገሮች ላይ ሁሉ በአንድ ማዕዘን ያርፋል። ዱላው ከጥላው ጋር የሚሠራው ጎነ ሦስትና ሚናራው ከጥላው ጋር የሚሠራው ጎነ ሦስት ተመሳሳይ ናቸው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሕፃን የተከለው ዱላ 1 ሜትር፣ የመስጂዱ ሚናራ 12 ሜትር ይሁን። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ ወር መግቢያና በነሐሴ ወር መጨረሻ አካባቢ፣ ፀሐይ በእኩለ ቀን ልክ አናት ላይ ስለምትውል ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። በዚያ ቀን ዐስር ሲገባ የዱላው ጥላ 1 ሜትር፣ የሚናራው ጥላ 12 ሜትር ይሆናል። በሌላ ወቅት ደግሞ የዱላው የእኩለ ቀን ጥላ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የሚናራው 2 ሜትር ከ40 ይሆናል። ዐስር ሲገባም አንዱ 1 ሜትር ከ20፣ ሌላው 14 ሜትር ከ40 ያሳያሉ። ማባዣው ሁልጊዜ 12 ነው። ሚናራው ረጅም ስለሆነ ዐስር ቀድሞ አይገባለትም፤ ዱላውም አጭር ስለሆነ አይዘገይበትም። ሁለቱም የሚናገሩት አንድ እውነት ነው፤ የሚናገሩት ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቁመት ነው።

አላህም ባሪያዎቹን የሚጠይቃቸው በዚሁ ዓይነት ይመስላል። ማንንም በሌላ ሰው ቁመት አይለካም፤ ማንንም ግን ከወቅቱ ነፃ አያደርግም።

የሚሰፉት ጎኖች

አሁን ወደ ዲናችን እንግባ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 236ኛው አንቀጽ ሳይደርሱባት መህሯም ሳይወሰን ለምትፈታ ሴት ስጦታ እንዲሰጣት ሲያዝ፣ ሀብት ያለው በችሎታው ልክ፣ ድሃውም በችሎታው ልክ እንዲሰጥ ይገልጻል። አንድ የተቆረጠ የብር መጠን አላስቀመጠም። በሱረቱ ጦላቅ 7ኛው አንቀጽም ለቀለብ ያለው ሰው ካለው፣ የጠበበበትም አላህ ከሰጠው ላይ እንዲያወጣ ይነግረናል። ትእዛዙ ለሁለቱም አንድ ነው፤ መጠኑ ግን ከሰውየው ጋር ይሰፋል፣ ይጠባል።

የተቡክ ዘመቻ በተዘጋጀበት ወቅት እንደ ተዘገበው ይነገር የነበረውን የሁለቱን ታላላቅ ሰሓባዎች ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ዑመር (ረ.ዐ) የንብረታቸውን ግማሽ ይዘው መጡ፤ በዚያን ቀን አቡ በክርን (ረ.ዐ) እቀድማለሁ ብለው አስበው ነበር። አቡ በክር ግን ያላቸውን በሙሉ ይዘው መጡ። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ሁለቱንም የጠየቋቸው ለቤተሰባቸው ምን እንዳስቀሩ ነበር። ዑመር ያመጡትን ያህል ማስቀረታቸውን ተናገሩ፤ አቡ በክር ግን አላህንና መልእክተኛውን እንዳስቀሩላቸው ተናገሩ። እዚህ ላይ «ስንት አመጣችሁ?» የሚል ጥያቄ አልቀረበም። የተጠየቁት ከቀረው ጋር ሲተያይ የሰጡት ምን እንደሆነ ነው። በሒሳብ ቋንቋ ስንናገር ጥያቄው የምጥጥን ጥያቄ ነበር።

ነሳኢ የዘገቡት ሐዲስም ይህንኑ ያጠናክራል። በዚያ ሐዲስ አንድ ዲርሃም መቶ ሺህ ዲርሃምን እንደ ቀደመ ተነግሯል። ባልደረቦች ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ሲጠይቁ፣ አንደኛው ሰው ከነበሩት ሁለት ዲርሃሞች አንዱን እንደ ሰጠ፣ ሌላው ግን ከሰፊ ሀብቱ ዳር መቶ ሺህ አንሥቶ እንደ ሰጠ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) አስረዱ።

እንግዲህ በየቤቱ 400 ብር ብሎ የሚመድበውን ኮሚቴ እንየው። አንዷ እናት የወሩን አስቤዛና የቤት ኪራይ ከፍላ የሚተርፋት 500 ብር ነው እንበል። ጎረቤቷ ነጋዴ ሁሉን ከፍሎ 50,000 ብር ይተርፈዋል እንበል። ሁለቱም 400 ብር ሲከፍሉ እሷ ከተረፋት ከአምስት እጅ አራቱን ሰጠች፤ እሱ ግን ከየ1,000 ብሩ 8 ብር ብቻ ሰጠ። መዝገቡ ላይ እኩል ተጻፉ። ይህ ለ3፣ ለ4 እና ለ5 እኩል 3 እንደ መጨመር ነው። ለማንም አላዳላም ተብሎ ቅርጹ ጠመመ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በድምፅ ማጉያ የትልቁ ሰጪ ስም ሦስት ጊዜ ሲጠራና የሷ 50 ብር በ«ሌሎችም» ውስጥ ሲጠቃለል ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ጥቂት ተምር ይዞ በመጣው ድሃ ላይ ያላገጡት ሙናፊቆች እንደ ነበሩና በእነሱም ላይ በሱረቱ ተውባህ 79ኛው አንቀጽ እንደ ወረደባቸው አንርሳ።

የማይሰፉት ማዕዘኖች

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጎኖች ነው። አሁን ወደ ማዕዘኖች እንለፍ። ቅርጽ ሲያድግ ማዕዘኑም አብሮ ቢያድግ ኖሮ ቅርጹ ያው መሆኑ ይቀር ነበር። ቀጥ ያለ ማዕዘን በትንሿ ደብተር ላይ 90 ዲግሪ ነው፤ በሰፊ አደባባይም ላይ 90 ዲግሪ ነው። «አደባባዩ ትልቅ ነውና 95 ይሁንለት» የሚል የለም።

በዲናችንም ከሰው ሀብትና ማዕረግ ጋር የማይሰፉና የማይጠቡ ነገሮች አሉ። እውነት መናገር፣ አማናን መመለስ፣ በሰው ላይ አለመበደል፣ በፍርድ ፊት መቆም እነዚህ ናቸው። አምስቱ የሶላት ወቅቶች ለባለ ሀብቱ አራት፣ ለድሃው ስድስት አልሆኑም። በሶፍ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ስንቆም ቦታ በገቢ አይከፋፈልም።

ከመኽዙም ጎሣ የሆነች አንዲት የተከበረ ዘር ያላት ሴት በሰረቀች ጊዜ ቁረይሾች ነገሩ ከበዳቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚወዷቸውን ኡሳማ ኢብን ዘይድን (ረ.ዐ) አማላጅ አድርገው ላኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምልጃውን አልተቀበሉም። ከእኛ በፊት የነበሩ ሕዝቦች የጠፉት የተከበረው ሲሰርቅ እየተውት፣ ደካማው ሲሰርቅ እየቀጡት እንደ ነበር ተናገሩ፤ የገዛ ልጃቸው ፋጢማ ብትሰርቅ እንኳ ፍርዱ እንደማይቀርላትም አረጋገጡ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በሱረቱ ኒሳእ 135ኛው አንቀጽም አላህ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በቅርብ ዘመዶቻችን ላይ ቢሆንም እንኳ ለፍትሕ ቀዋሚዎች እንድንሆን ያዘናል፤ የሚመሰከርበት ሰው ሀብታም ወይም ድሃ መሆኑም ምስክርነታችንን ሊያዛባው እንደማይገባ ይነግረናል።

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ድሃውም መጠቀሱን ልብ እንበል። ለሀብታሙ ብለን ማዕዘኑን ማጣመም ክልክል እንደሆነው ሁሉ፣ ለድሃው አዝነን ማጣመምም ክልክል ነው። ለድሃው ማዘን የሚገባን በጎኑ በኩል ነው። ዕዳ ያለበትን እናግዘው፣ ጊዜ እንስጠው፣ ከዘካ እናድርስለት። ዕዳው ግን «የለም» ተብሎ በሐሰት አይመሰከርለትም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይህ ነው። በደል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፍትሕን ፈጽሞ ከመካድ አይደለም፤ ማዕዘንንና ጎንን ከማለዋወጥ ነው። መዋጮን፣ ድግስንና ሸክምን ለሁሉም እኩል እናደርጋለን፤ ሕግን፣ ክብርንና እውነትን ደግሞ በሰው መጠን እንሰፍራለን። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያስጠነቅቃቸው ሰዎችም ሲቀበሉ ሞልተው የሚሰፍሩ፣ ሲሰጡ የሚያጎድሉ ናቸው። አንዱን ጎን በአንድ ማባዣ፣ ሌላውን ጎን በሌላ ማባዣ የለካ ሰው ቅርጹ እንደሚጠምበት የተረጋገጠ ነው።

ለሁሉም ሳይበቃ ሲቀር

የምጥጥን ፍትሕ በጣም ጎልቶ የሚታየው በሚራስ ትምህርት ውስጥ ነው። አንድ ሰው ሚስቱን፣ ሁለት ሴት ልጆቹን፣ አባቱንና እናቱን ትቶ ሞተ እንበል። በቁርኣን በተወሰነው መሠረት ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ሁለቱ ልጆች ሁለት ሦስተኛ፣ አባት አንድ ስድስተኛ፣ እናትም አንድ ስድስተኛ አላቸው። ንብረቱን 24 ቦታ ብንከፍለው ሚስት 3፣ ልጆች 16፣ አባት 4፣ እናት 4 ይደርሳቸዋል። ድምሩ ግን 27 ይሆናል። 24 ብቻ አለ፤ ጠያቂዎቹ 27 ናቸው።

ምን ይደረግ? ከመጨረሻው ሰው ላይ ይቀነስ? ከሁሉም ላይ እኩል ይቀነስ? ዑለማዎች የያዙት መንገድ ዐውል ይባላል። ንብረቱ 27 ቦታ ተከፍሎ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይወስዳል። ንብረቱ 270,000 ብር ቢሆን ሚስት 30,000፣ ሁለቱ ልጆች 160,000፣ አባት 40,000፣ እናት 40,000 ብር ያገኛሉ። የሁሉም ድርሻ በአንድ ማባዣ፣ በ8/9፣ ተባዝቶ አነሰ። የሚስት ስምንተኛ ዘጠነኛ ሆነ። ይህ ጥያቄ ለዐሊይ (ረ.ዐ) ሚንበር ላይ ሳሉ ቀርቦላቸው ወዲያውኑ እንደ መለሱት ስለሚነገር «ሚንበሪያ» ተብሎ ይታወቃል።

ዐውል በመጀመሪያ የተወሰነው በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) የተለየ አስተያየት ነበራቸው፤ አራቱ መዝሀቦች ግን በዐውል ይሠራሉ። ነገሩን በቤተሰብ ዓይን ካየነው ጥበቡ ይገባናል። ጉድለቱ በአንድ ሰው ላይ አልተጫነም። ማንም ድርሻውን ሙሉ በሙሉ አላጣም። ሁሉም አነሱ፤ ነገር ግን የአንዱ ድርሻ ከሌላው ጋር ያለው ምጥጥን እንደ ነበረ ቆየ። ትልቁ ሥዕል በትንሽ ወረቀት ላይ ተሣለ እንጂ ከሥዕሉ ማንም አልተፋቀም።

ችግር ሲመጣ በቤታችን የምናደርገው ምንድን ነው? ገቢ ሲቀንስ ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ድምፅ ከሌለው ሰው ላይ ነው። የአባት ጫት ወይም የእንግዳ ድግስ ሳይነካ የሴት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ይቋረጣል፤ የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ ይዘገያል። የዐውል ሕግ የወጣው ለውርስ ነው፤ ትምህርቱ ግን ጉድለትን ሁሉም እንዲካፈለው ያስታውሰናል።

ምጥጥን ብቻውን ይበቃልን?

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ሊጠይቅ ይችላል። «ታዲያ ሁሉም ከገቢው ግማሹን ቢሰጥ ፍትሕ ይሆናልን?» አይሆንም። 6,000 ብር የሚያገኝ የአምስት ልጆች አባት ግማሹን ሲሰጥ 3,000 ይቀረዋል፤ ልጆቹ ይራባሉ። 60,000 የሚያገኘው ግማሹን ሲሰጥ 30,000 ይቀረዋል፤ ምሳው አይጎድልም። ምጥጥኑ አንድ ነው፤ ሕመሙ ግን አንድ አይደለም።

ሸሪዓችን ይህንን አልዘነጋም። የገንዘብ ዘካ ከ40 እጅ አንድ እጅ ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ብር አይጀምርም። ኒሷብ የሚባል ወለል አለው፤ በወርቅ 20 ሚስቃል ወይም 85 ግራም ያህል፣ በብር ማዕድን 200 ዲርሃም ወይም 595 ግራም ያህል ነው። ገንዘቡም በባለቤቱ እጅ አንድ የጨረቃ ዓመት መቆየት አለበት። ከዚያ በታች ያለ ሰው ሰጪ እንዲሆን አይገደድም። በዝናብ በሚበቅል እህል ላይ አንድ አሥረኛ፣ በሰው ድካም ወይም ወጪ ውሃ ተስቦ በሚበቅለው ላይ አንድ ሃያኛ ተወስኗል። ድካም በጨመረ ቁጥር ማባዣው አነሰ ማለት ነው። በበጎች ላይ ደግሞ 40 በግ ያለው አንድ በግ ያወጣል፤ 120 ያለውም አንድ ያወጣል፤ 121 ሲደርስ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ሸሪዓ የሒሳብ መምህር ባሪያ አይደለም። ጥበቡ የአላህ ነው፤ ሒሳቡ ያገለግለዋል።

ለመስጠትም ልክ አለው። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ታመው ሳለ ከአንድ ሴት ልጅ በቀር ወራሽ የለኝም ብለው አብዛኛውን ንብረታቸውን ለምጽዋት ሊናዘዙ ፈለጉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሲሦ በላይ አልፈቀዱላቸውም፤ ሲሦም ብዙ እንደሆነ ነገሯቸው። ምክንያቱንም ገለጹ፤ ወራሾችን ሰው ፊት እጃቸውን ከሚዘረጉ ድሆች አድርጎ ከመተው ባለ ጸጋ አድርጎ መተው ይሻላል።

ሌላም ጥያቄ አለ። «ትንሹ ሥራ ከትልቁ ጋር ተመሳሳይ ከሆነ ለምን ብዙ ለመሥራት እደክማለሁ?» የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ በዚያው ትምህርት ውስጥ አለ። 1 ሜትር ዱላ የ1 ሜትር ጥላ ሲጥል ሙሉውን ጥሏል፤ አላጎደለም። 12 ሜትር የሆነው ሚናራ የ1 ሜትር ጥላ ቢጥል ግን ለዐስር ገና ብዙ ይቀረዋል። የድሃዋ 50 ብር ባለ ሀብቱ 50 ብር እንዲሰጥ ፈቃድ አይሆነውም። አላህ ቁመት የጨመረለት ሰው ጥላውም እንዲረዝም ይጠበቅበታል።

ደግሞም ቁመት ሲጨምር ውስጡ ከቁመቱ ይበልጥ ይጨምራል። ይህንን እናቶች በምጣድ ያውቁታል፤ ምጣዱ በወርዱ እጥፍ ቢሆንና እንጀራው ያው ውፍረት ቢኖረው፣ የሚፈጀው ሊጥ አራት እጥፍ እንጂ ሁለት እጥፍ አይደለም። ጎኑ በየአቅጣጫው 1 ሜትር የሆነ የውሃ ታንከር 1,000 ሊትር ይይዛል፤ 2 ሜትር የሆነው ግን 8,000 ሊትር ይይዛል። ከውጭ ሲያዩት እጥፍ ነው፤ ከውስጥ ስምንት እጥፍ ነው። ሹመትንና ሀብትን የሚመኝ ሰው ከውጭ የሚታየውን ጎን እያየ ይመኛል። ውስጡን የሚሞላው አማና ግን ከጎኑ ፈጥኖ ይበዛል። ሁላችንም እረኞች መሆናችንንና ስለ መንጋችን ተጠያቂ መሆናችንን መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

በቤታችን

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ፍትሕን የሚማሩት መጀመሪያ በእኛ ማዕድ ላይ ነው። የኑዕማን ኢብን በሺር (ረ.ዐ) አባት ለአንድ ልጃቸው ስጦታ ሰጥተው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር ሊያደርጉ በመጡ ጊዜ፣ ለሌሎቹም እንዲሁ ሰጥተው እንደሆነ ተጠየቁ። አለመስጠታቸውን ሲናገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልመሰከሩላቸውም፤ አላህን እንዲፈሩና በልጆቻቸው መካከል ፍትሐዊ እንዲሆኑ አዘዟቸው። ስለዚህ በስጦታና በፊት መፍታት አንዱን ልጅ ከሌላው መለየት ማዕዘንን ማጣመም ነው።

ቀለብና ወጪ ግን የተለየ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የደረሰው ልጅና የሦስት ዓመቷ ሕፃን አንድ ዓይነት ጫማ፣ አንድ ዓይነት ደብተር አያስፈልጋቸውም። ታማሚው ልጅ መድኃኒት ስለ ተገዛለት ጤነኛው ልጅ በመድኃኒቱ ዋጋ ልክ ገንዘብ አይሰጠውም። ይህ እንደ ፍላጎት የሚሰፋ ጎን ነው። ልጆች «ለምን ለእሱ?» ብለው ሲጠይቁ ዝም ከማሰኘት ይልቅ ልዩነቱን ማስረዳት ይገባል። «አንተንም እሱንም እኩል እንወዳችኋለን፤ የሚያስፈልጋችሁ ግን ይለያያል» የሚል ቃል የሰማ ልጅ፣ ነገ ኮሚቴ ሲሆን እኩል የሚባለውን ከእንደ አቅም ለይቶ ያውቃል።

በትምህርትም እንዲሁ ነው። አንዷ ልጅ በወር አንድ ጁዝእ ትሐፍዛለች፤ ወንድሟ አምስት ገጽ ብቻ ይሐፍዛል። እሱን በእሷ ቁጥር ብንለካው እንሰብረዋለን። ነገር ግን «አቅሙ ትንሽ ነው» ብለን ውሸት ሲናገር ብናልፈው፣ ሶላቱን ሲተው ዝም ብንለው፣ ጎኑን አሳጥረን ማዕዘኑንም አጠመምንበት። ከገጹ ቁጥር እንቀንስለት፤ ከእውነቱ ግን አንቀንስለት።

በሠርግም ይኸው ነው። ጎረቤታችን በአቅሙ ደግሶ ከሆነ ቅርጹ ልክ ነው። እኛ የእሱን ጎን ይዘን በእኛ ማዕዘን ላይ ልንገጥመው ስንሞክር ግን ብድር፣ ሐሰትና ቂም ይከተላሉ። በአንድ በግ የተደረገ ወሊማ በአላህ ስም ከተደረገና ጎረቤትን ካስታወሰ፣ በአሥር ሰንጋ ከተደረገው የሚያንሰው በመጠን ብቻ ነው።

በዕለተ ትንሣኤ ሚዛን ሲቆም ማንም የሌላውን ቁመት ተጠይቆ አይመልስም። የሚጠየቀው በተሰጠው ዕድሜ፣ በተሰጠው ገንዘብ፣ በተሰጠው ዕውቀት ነው። እዚያ ላይ ትንሽ መሆን አያሳፍርም፤ ጠማማ መሆን ግን ያስፈራል።

አላህ (ሱ.ወ) በሰጠን ልክ የምንሰጥ፣ በፍርዳችን የማናዳላ፣ በልጆቻችን መካከል ፍትሐዊ የሆንን ባሪያዎቹ ያድርገን። ጥቂቷን ሥራችንን በእዝነቱ ያብዛልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።